ዓይን ውስጥ የሚሰጠው መርፌ፦ ከባሕር ዳር የጠየቅሁትና የተመለሰልኝ

የመክፈቻው ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ክኒን መውሰድ ከጀመረች ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗታል። ከቅርብ ወራት ወዲህ የሰው ፊት መለየት አቅቷታል። ዳር ዳሩ ይታያታል፣ መሃሉ ግን ይደበዝዝባታል፤ የበሩ መቃን ጠሞ ነው የሚታየኝ ትላለች። ጎረቤቱ ሁሉ ሞራ ነው፣ ይገፈፍላት አለ። ሐኪሙ ዓይኗን በጠብታ አስፍቶ ካየና ሬቲናዋን፣ ማለትም ከዓይኑ በስተኋላ ያለውን ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን፣ በማሽን ካስነሳ በኋላ ግን ሞራ እንዳልሆነ ነገረን። ስኳሩ ያደከማቸው ጥቃቅን የደም ሥሮች ፈሳሽ እያንጠባጠቡ፣ በሬቲናው መሃል ማኩላ በሚሉት ቦታ ውሃ ቋጥሯል። ሕክምናው በየወሩ ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ነው ተባልን። እናቴ ይህን ስትሰማ ከወንበሩ ተነሳች፤ ዓይኔን ከምወጋ እንዲሁ ልቅር አለች።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። መርፌው ራሱ ዓይን አያጠፋም ወይ? መድኃኒቱ የካንሰር ነው የሚባለው እውነት ነው ወይ? አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ በየወሩ ከመወጋት ዓይን ውስጥ ተቀምጦ ለወራት የሚሠራ ነገር አለ፣ እሱን ጠይቁ ትላለች፤ የምታውቁት ካላችሁ ንገሩኝ።

ምላሾቹ

በመድረኩ ላይ ከጥያቄዬ ሥር የተጻፈው የምላሽ ክር በጣም ስለረዘመና በግል መልእክት የሚጠይቁኝ ስለበዙ፣ ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ለሚቸገር ሰው በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር አስቀምጠዋለሁ። የተስማማሁበትንም ያልተስማማሁበትንም እጽፋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቁጥር 1 ዓይን ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። እናቴን እናታለም እያለች ነው የጻፈችው፤ ለዚያ አክብሮቷ አሁንም አመሰግናታለሁ። መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ምን እንደሚደረግ በቅደም ተከተል ዘረዘረች። መጀመሪያ የማደንዘዣ ጠብታ ይደረጋል። ቀጥሎ ዓይኑና የዓይኑ ዙሪያ አዮዲን ባለበት ቡናማ ፈሳሽ ይታጠባል፤ ብዙ ሰው ከመርፌው ይልቅ የሚያቃጥለው ይኸኛው እንደሆነ ጠቆመች። ሽፋሽፍቱ እንዳይዘጋ በትንሽ መያዣ ይከፈታል፣ ታካሚው ወደ ሌላ አቅጣጫ እንዲመለከት ይነገረዋል፤ ስለዚህ መርፌው ፊት ለፊት ሲመጣ አይታይም። የሚወጋው ጥቁሩ ሳይሆን ነጩ ክፍል ነው፤ ከጥቁሩ ጠርዝ ከ3.5 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ርቆ። መርፌው በጣም የቀጠነ ነው፣ የሚገባው መድኃኒት 0.05 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፣ ሥራው የሚያልቀውም በሰከንዶች ውስጥ ነው። በኋላ ነጩ ላይ ቀይ ነጥብ ቢታይ፣ ፊት ለፊት ትንንሽ ጥቁር ነገር ቢንሳፈፍ አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው ሌላ ነው። ከመርፌው በኋላ ባሉት ቀናት ሕመሙ እየባሰ፣ ዓይኑ እየቀላ፣ እይታው እየቀነሰ ከሄደ የዓይን ውስጥ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል፣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን መመለስ ያስፈልጋል። ይህ የሚደርሰው ከ2,000 እስከ 3,000 በሚሆን መርፌ አንዴ ገደማ እንደሆነም አልደበቀችም። ይህን ለእናቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ ያነበብኩላት ያን ማታ ነው።

ቁጥር 2 አመስግኖ ብቻ አለፈ፤ የእሱም አባት ከመርፌው ይልቅ የሚፈሩት ወረፋውን እንደነበር ጨመረ።

በቁጥር 3 ድምፁ ተለወጠ። ጸሐፊው መድኃኒቱ የአንጀት ካንሰር መድኃኒት እንደሆነ፣ ብልቃጡ ላይ ስለ ዓይን አንድም ቃል እንዳልተጻፈ፣ ስለዚህ ድሃ ላይ ሙከራ እየተሠራ እንደሆነ በቁጣ ጻፈ። እናትሽን አታስወጊ ብሎም አዘዘኝ። ቁጣው ከክፋት የመጣ አልመሰለኝም፤ የጻፈው ግማሹ እውነት ስለሆነ ግን አደገኛ ነበር። ብዙ ሰው ወደደለት።

ቁጥር 4 ፋርማሲስት ነው፤ ወንድሜ ብሎ ጀምሮ በትዕግሥት አረመው። መድኃኒቱ ቤቫሲዙማብ ይባላል፤ በንግድ ስሙ አቫስቲን። በ2004 አሜሪካ ውስጥ ለአንጀት ካንሰር ተፈቀደ። ካንሰርም የታመመ ሬቲናም አዳዲስ የደም ሥር የሚያበቅሉት ቪኢጂኤፍ በሚባለው አንድ ዓይነት የሰውነት ኬሚካል ነው፤ ይኸው ኬሚካል የደም ሥሩን ያላላና ፈሳሽ እንዲወጣ ያደርጋል። መድኃኒቱ እሱን ይይዘዋል። በ2005 ፊሊፕ ሮዘንፌልድ የተባሉ የማያሚ ሐኪም ዓይን ውስጥ ሰጥተው ውጤቱን አሳወቁ፤ ከዚያ ወዲህ ዓለም ሁሉ ይጠቀምበታል። ለካንሰር የሚሰጠው ብልቃጥ 100 ሚሊ ግራም ሲሆን ለአንድ ዓይን የሚበቃው 1.25 ሚሊ ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2013 ለዓይን አገልግሎት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። ብልቃጡ ላይ ስለ ዓይን ያልተጻፈው አምራቹ ለዓይን ፈቃድ ስላልጠየቀበት እንጂ ተደብቆ ስለሚሰጥ እንዳልሆነ አስረዳ።

ቁጥር 5 ታዲያ ውዱ ለምን ተሠራ ብሎ ጠየቀ፤ ተገቢ ጥያቄ ነበር። ሉሴንቲስ የተባለው በ2006 ለዓይን ተብሎ የወጣው ያው ኩባንያ ከሠራው ተቀራራቢ ሞለኪውል እንደሆነ፣ አሜሪካ ውስጥ አንዱ መርፌ ወደ 2,000 ዶላር ሲሸጥ ተከፋፍሎ የሚሰጠው አቫስቲን 50 ዶላር ገደማ እንደነበር ፋርማሲስቱ በዚያው ሥር መለሰለት። በ2011 የወጣው ትልቁ የአሜሪካ ጥናት ሁለቱ እኩል መሥራታቸውን እንዳሳየም ጨመረ።

ቁጥር 6 እዚህ ላይ ገባ፤ የዓይን ሕክምና የሚማር ወጣት ሐኪም ነው። የ2011ዱ ጥናት የተሠራው በዕድሜ ምክንያት ማኩላቸው በተጎዳባቸው ሰዎች ላይ እንጂ በስኳር ሕመምተኞች ላይ እንዳልሆነ አስተካከለ። ለስኳሩ የሚጠቀሰው የ2015ቱ ጥናት ነው፤ ቤቫሲዙማብን፣ ሉሴንቲስንና አይሊያ የሚባለውን ሦስተኛ መድኃኒት አወዳድሯል። እይታቸው በጥቂቱ የቀነሰባቸው ሰዎች በሦስቱም እኩል ተሻላቸው፤ በጣም የቀነሰባቸው ግን በመጀመሪያው ዓመት በአይሊያ የተሻለ አዩ። በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በርካሹ ጀምሮ ካልሠራ ብቻ ወደ ውዱ መዞር፣ ከመጀመሪያው በውዱ ከመጀመር ጋር ከሁለት ዓመት በኋላ የተቀራረበ ውጤት እንዳለው አሳየ። በርካሹ መጀመር እናትን መበደል እንዳልሆነ ለእኔ የተረጋገጠልኝ በዚህ ምላሽ ነው። ፋርማሲስቱም እርማቱን ያለ ቅሬታ ተቀበለ፤ እንዲህ ያለ መተራረም በእኛ መድረኮች ቢለመድ ደስ ይለኛል።

ቁጥር 7 ሌላ ስጋት አነሳች። መድኃኒቱ ጥሩ ቢሆንም አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ሰው ሲከፋፈል ንጽሕናው ካልተጠበቀ አደጋ አለው። በ2023 ፓኪስታን ፑንጃብ ውስጥ በተበከለ ቤቫሲዙማብ ብዙ የስኳር ሕመምተኞች ዓይናቸውን እንዳጡ አስታወሰች። ቁጥር 3 ይህን ሲያይ ያልኩት ይኸው ብሎ ተመለሰ። እሷ ግን አልተቀበለችውም፤ የእሷ ነጥብ መድኃኒቱን መፍራት ሳይሆን መጠየቅ ነው። የት ተከፋፈለ? ማን ከፋፈለው? መቼ ተከፈተ? ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ቆይቷል ወይ?

ቁጥር 8 ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ያመጣውን መድኃኒት በእጅ ቦርሳ ይዞ ቀኑን ሙሉ እንደተጓዘ፣ ሐኪሙም ሳይጠቀምበት እንደጣለው በቁጭት ጻፈ። ብር ተበድሮ ነበር የገዛው። ነርሷ በቁጥር 9 ተመልሳ፣ ሐኪሙ መጣሉ ዓይኑን እንዳተረፈለት፣ መድኃኒቱ በሙቀት እንደሚበላሽ ሁሉ ወደ በረዶነት ቢለወጥም እንደሚበላሽ ነገረችው። በረዶ የተያዘበት ሳጥን፣ ብልቃጡ ግን በረዶውን እንዳይነካ። ከተቻለ ግን ሰው ባይሸከመው፣ ሕክምናው ቦታ ፋርማሲው ራሱ ቢያቀርበው እንደምትመርጥ ጻፈች። እኔም በዚህ እስማማለሁ። መድኃኒት ፍለጋውን በታካሚው ቤተሰብ ላይ መጣል ትክክል አይደለም፤ ቅዝቃዜ የመጠበቁን ኃላፊነት ከገጠር በጀልባ ለመጣ ገበሬ እንዴት ይሰጡታል?

ቁጥር 10 ከዘጌ ነው። መርፌውን ትተን እናታችንን ጠበል እንድናስገባ፣ እሱ የሚያውቃቸው አንዲት እናት ተጠምቀው እንዳዩ በእምነት ጻፈ። ቁጥር 11 ወዲያው ተነሳበት፤ ኋላ ቀር አለው፣ ሌላም ልደግመው የማልፈልገው ቃል ጨመረ። አወያዩ ያን ቃል አጠፋው። ቁጥር 12 ዲያቆን ነኝ ያለ ሰው ነው፤ ሁለቱንም በእርጋታ ነካቸው። ሐኪምም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆነ ለመጀመሪያው፣ የእናትን እምነት በስድብ ማንም እንደማያስለቅቅ ለሁለተኛው ነገራቸው። ቀጥሎ ጠቃሚውን ነገር ጠየቀ፦ መርፌ የወሰደ ሰው ጠበል መጠመቅ ይችላል ወይ? ነርሷ መለሰች። ከመርፌው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ዓይን ውስጥ ውሃ መግባት የለበትም፤ የጣና ውሃም፣ የቧንቧውም፣ ጠበሉም ያው ነው። መጠጣት ይቻላል፣ ከአንገት በታች መጠመቅ ይቻላል፤ ዓይኑ እስኪድን ፊትን ማቆየት ነው። እናቴ መርፌውን ለመውሰድ የተስማማችው ይህን ከሰማች በኋላ ነው። ጠበሏን የሚነጥቃት መስሏት ነበር።

ከ13 እስከ 17 ወሬው ከዓይን ወጣ። ከዘጌ በጠዋቱ ጀልባ የሚመጣ ሰው ቀጠሮው ከሰዓት ከሆነ ምን ይሁን፣ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሳል፣ እምቦጩ ሞተር ያቆማል፣ ባጃጅ ከሆስፒታል በር ላይ ዋጋ ይጨምራል ተባለ። አንዱ እምቦጩን በተመለከተ ረጅም ጽሑፍ ለጠፈ፤ እውነት ቢሆንም ቦታው አልነበረም። ከመካከላቸው ቁጥር 16 ግን መያዝ አለበት። አባቱ ባሕር ዳር እንደለመዱት በብስክሌት ወደ ቀጠሮ ሄዱ፤ ሬቲናቸውን ለማየት ዓይናቸውን የሚያሰፋ ጠብታ ተደረገላቸው፤ ሲመለሱ ፀሐዩ አጥበረበራቸው፣ ከአስፋልቱ ዳር ወደቁ። ጠብታው ለሰዓታት እይታ ያደበዝዛል፣ ብርሃን ያስጠላል። ስለዚህ ያን ቀን ብስክሌት አይነዳም፣ ባርኔጣና መነጽር ይያዛል፣ አስታማሚ አብሮ ይሄዳል። ቁጥር 18 አወያዩ ነው፤ ወደ ጉዳዩ እንድንመለስ ጠየቀ።

ቁጥር 19ን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ጸሐፊው የአባቱን ታሪክ ያለ ምንም ማሳመሪያ ጻፈው። አባቱ ጡረታ የወጡ ዘበኛ ናቸው። እንደ እናቴ ስኳር አለባቸው፣ እንደ እናቴ ማኩላቸው ላይ ውሃ ቋጥሮ ነበር። መርፌ ተጀመረላቸው። ከጥቂቶቹ በኋላ ዳዊታቸውን ማንበብ ቻሉ፤ ቤተሰቡ ድኗል ብሎ ደስ አለው። ያኔ ክረምት ገባ፣ መንገዱ ከፋ፣ ብሩ ለልጆች ትምህርት ቤት ተፈለገ። አባትየውም አያለሁ እኮ፣ ለምን እወጋለሁ አሉ። ማንም አልተከራከራቸውም። ሲመለሱ ሐኪሙ ውሃው ተመልሶ ረጅም ጊዜ ስለቆየ የማኩላው ሴሎች እንደተጎዱ፣ መርፌው ከእንግዲህ ውሃውን ቢያደርቀውም እይታውን እንደማይመልሰው ነገራቸው። አሁን ዳዊቱን በቃል ነው የሚደግሙት። ልጁ የጻፈው ሰው እንዲያዝንለት አልነበረም፤ እናትሽ ሲሻላት ነው የምትጠነቀቂው ሲለኝ ነው።

ስለ እውነት፣ ከጠቅላላው ክር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ሂዱ ብባል ይህን ነው የምሰጣችሁ። መድኃኒቱ ዓይን ውስጥ የሚቆየው ለሳምንታት ነው፤ በሽታው ግን ያው ስኳሩ እስካለ አለ። የመጀመሪያዎቹ ወራት መርፌዎች በየወሩ የሚሰጡት ለዚህ ነው፤ ከዚያ ሐኪሙ በማሽኑ እያየ ርቀቱን ያስረዝመዋል። መሻል መዳን ማለት አይደለም። ይህን ከመጀመሪያው መርፌ በፊት የሚነግር ሐኪም አግኝቻለሁ፣ የማይነግርም እንዳለ ከክሩ አይቻለሁ። ቤተሰብ መርፌውን ለማስጀመር ሲስማማ፣ ስለ ዓመቱ ሙሉ መንገድና ወጪ አብሮ ተቀምጦ መነጋገር አለበት።

ቁጥር 20 ግን በዚያ ሰው ላይ ጨከነ። አባታችሁን ለጥቂት ብር ብላችሁ አሳወራችኋቸው ብሎ ጻፈ። ልጁ በቁጥር 21 መለሰለት፤ መልሱ አጭርና መራራ ነበር፤ ባጃጅ ተከራይቶ አባቱን እየወሰደ የከረመው እሱ እንጂ ከስልክ ጀርባ ያለው ሰው እንዳልሆነ። ከልጁ ጎን ነኝ። እንዲህ ያለ ወቀሳ የሚያመጣው ውጤት ሌላው ቤተሰብ ታሪኩን እንዲደብቅ ብቻ ነው፤ ታሪኩ ሲደበቅ ደግሞ ሌላ አባት መርፌውን ያቋርጣሉ።

ቁጥር 22 መምህርት ናት፤ ንግግሩን ወደ ሥራ መለሰችው። እህትማማቾቹ ተራ ገብተው በየወሩ አንዷ እናታቸውን እንደምታመጣ፣ ለመርፌው ብቻ የተለየ ትንሽ ዕቁብ እንደጀመሩ፣ ከመነሳታቸው በፊት መድኃኒቱ መኖሩንና ሐኪሙ መግባቱን በስልክ እንደሚያጣሩ ጻፈች። የጤና መድህን ደብተር ያለው ሰው ምን እንደሚሸፈንለት ከቀጠሮው በፊት እዚያው ክፍል እንዲጠይቅም መከረች። ከቤታችን ያደረግነው የእሷን ነው።

የአክስቴ ልጅ ላለችው ነገር መልስ የመጣው በቁጥር 23 ነው፤ ያው ወጣት ሐኪም። ኦዙርዴክስ የሚባለው ዘንግ 0.7 ሚሊ ግራም ዴክሳሜታዞን የያዘ፣ ርዝመቱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቀጭን ነገር ነው። በልዩ መርፌ ነጩ በኩል ይገባል፤ መድኃኒቱን ለወራት እየለቀቀ ራሱም ሟሙቶ ያልቃል፣ የሚወጣ ነገር የለም። ኢሉቪየን የተባለው ሌላው ደግሞ 0.19 ሚሊ ግራም ፍሉኦሲኖሎን ይዞ እስከ 36 ወር ይሠራል፤ ቅርፊቱ ግን እዚያው ይቀራል። ሁለቱም የስቴሮይድ ወገን ናቸው። ስቴሮይድ ሞራ ያፋጥናል፣ የዓይን ግፊትም ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ የጠና ግላኮማ (አብዛኛውን ጊዜ በዓይን ግፊት የዓይን ነርቭ የሚጎዳበት ሕመም) ላለበት ወይም ዓይኑ ውስጥ ኢንፌክሽን ላለበት ሰው አይሰጡም፤ የወሰደ ሰውም ግፊቱን እየተለካ መከታተል አለበት። በየወሩ መመላለስ ለማይችል፣ ወይም ሞራው ቀድሞ ለወጣለት ሰው ጥሩ አማራጭ ሊሆን ይችላል። ቀጠሮ የሚያስቀር ነገር ተደርጎ ከታሰበ ግን ተሳስተናል።

ቁጥር 24 ያንን በራሷ ቤት አየችው። አጎቷ ውጭ አገር ይህን ወስደው መጡ፤ እዚህ ግፊታቸውን ማንም ሳይለካ ወራት አለፈ፤ የግፊት ጠብታ ሲጀመርላቸው የዓይናቸው ነርቭ ጥቂት ተነክቶ ነበር። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ የሕክምና ወረቀቱን ይዞ ይምጣ፣ እዚህም ለዓይን ሐኪም ያሳይ አለች። ቁጥር 25 ሰስቪሞ ስለሚባለው በቀዶ ሕክምና ነጩ ላይ ተተክሎ በየስድስት ወሩ ስለሚሞላ ትንሽ ማጠራቀሚያ ጻፈ። በ2021 ተፈቀደ፣ በ2022 ኩባንያው ራሱ በክዳኑ ችግር ምክንያት ከገበያ ሰበሰበው፣ በ2024 ተስተካክሎ ተመለሰ። ይህን ያነሳው አዲስ ስለሆነ ብቻ እንዳንሮጥ ነው፤ ልክ ነው።

ቁጥር 26 ወጣት ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ማታ እንደማይታየው፣ አሁን ደግሞ ቀንም ዳር ዳሩ እየጠበበበት በቀዳዳ እንደሚያይ ሰው እንደሆነ፣ ወንድሙም እንደዚሁ እንደሆነ ጻፈ። ዓይን ውስጥ የሚተከል ኤሌክትሮኒክ ነገር አለ ሲባል ሰምቶ ለእሱ ይሆን እንደሆነ ጠየቀ። በክሩ ሁሉ እንደዚህ ዝም ያልንበት ጊዜ አልነበረም። በመጨረሻ ወጣቱ ሐኪም በቁጥር 27 መለሰለት፤ ተስፋ ለመሸጥም ተስፋ ለመንጠቅም አልቸኮለም። አርገስ 2 የተባለው ባለ 60 ኤሌክትሮድ መሣሪያ በ2013 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ልክ ለእንዲህ ዓይነቱ በዘር ለሚመጣ የሬቲና በሽታ ነበር፤ ብርሃንና ጥላን፣ የበርን ቅርጽ ለመለየት ይረዳ ነበር። ኩባንያው ግን ማምረቱን አቆመ፤ የተተከለላቸው ሰዎች መሣሪያቸውን የሚጠግን አጡ። ፕሪማ የተባለው አዲሱ 2 በ2 ሚሊ ሜትር የሆነ ቺፕ ነው፤ ካሜራ ካለው መነጽር ጋር ይሠራል። በ2025 በታተመው ጥናት ለ38 ሰዎች ተተክሎ፣ ዓመቱን ከጨረሱት 32 ውስጥ 26ቱ እይታቸው ተሻሽሏል። እነሱ ግን በዕድሜ ምክንያት የማኩላቸው መሃል የሞተባቸው አረጋውያን ናቸው እንጂ የእሱ ዓይነት ሕመም የለባቸውም። በ2017 የተፈቀደው ሉክስተርና የተባለው የጂን ሕክምናም ያለው አርፒኢ65 የተባለው አንድ ጂን ለተበላሸባቸው ብቻ ነው፤ ዋጋው ለሁለት ዓይን 850,000 ዶላር ተብሎ ነበር።

በዚያው ሥር ሁለት ነገር ጨመረለት። ማታ አለማየት ሁሉ ይህ በሽታ አይደለም፤ በልጆች ላይ በቫይታሚን ኤ እጥረትም ይመጣል፣ ያ ይታከማል። ስለዚህ እሱም ወንድሙም ሬቲናቸው ይታይ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል ወይም አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ለመሄድ ከሚቀርባቸው ሆስፒታል ሪፈር ይጠይቁ። ያለውን እይታ በማጉያና በብርሃን መጠቀምን፣ በነጭ በትር መሄድን አሁኑኑ መልመድም ሽንፈት አይደለም። ወጣቱ አመሰገነ። ሌላ ምንም አልጻፈም፤ አሁንም ምን እንዳደረገ ብታውቁ ንገሩኝ።

ቁጥር 28 በዚህ ሁሉ ተናደደ። ቺፕና ዶላር እያወራን እንደምንቀልድ፣ ይህ ሁሉ የሀብታም ሕክምና እንደሆነ፣ ገበሬው ትራኮማ ያሳወረው አገር እንደሆነ ጻፈ። ቁጣው ይገባኛል፤ አማራ ክልል ከትራኮማ ጋር የከረመ ክልል ነው። ቁጥር 29 ግን ስኳር ቤት ሳይመርጥ ገጠርም ከተማም እንደገባ፣ ለድሃ የሚሆነው መልስ ዝም ማለት እንዳልሆነ በጥብቅ መለሰ። ሌዘር አለ፤ መርፌ ከመምጣቱ ከአሥርተ ዓመታት በፊት ጀምሮ የስኳር ሕመምተኞችን ዓይን ያተረፈው እሱ ነው፣ ዛሬም አዲስ የደም ሥር ለበቀለበት ሬቲና ይሠራል፣ እንደ መርፌው በየወሩ መመላለስንም አይጠይቅም። ከሁሉ የሚረክሰው ደግሞ ስኳሩንና ደም ግፊቱን መያዝ ነው። በ1993 የወጣው የአሜሪካና የካናዳ ጥናት፣ ኢንሱሊን በሚወስዱ ወጣት ሕመምተኞች ስኳሩን አጥብቆ መቆጣጠር ሬቲና ላይ ጉዳት የመጀመሩን ዕድል በ76 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። በጉልምስና ስኳር የተገኘበት ሰው እንደታወቀለት ወዲያው፣ ከዚያም በየዓመቱ፣ ዓይኑ በጠብታ ተሰፍቶ ሊታይ ይገባል፤ ጉዳቱ ሲጀምር አያምም፣ እይታም አይቀንስምና። ቁጥር 28 አልመለሰም።

በቁጥር 30 አንዲት እናት መርፌው የባለቤቷን ሞራ ያጠፋ እንደሆነ ጠየቀች። ቁጥር 31 ነርሷ አይደለም አለች፤ ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ በመርፌም በጠብታም አይጠፋም። በ2006 የወጣው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉን ሞራ እንዳደረሰው ስላሳየ፣ ብዙ ሰው በቀላል ቀዶ ሕክምና ሊያይ እየቻለ ቤት እንደተቀመጠ አስታወሰች።

ቁጥር 32 የእኔ ነው። እናቴ መርፌውን እንደጀመረች፣ አዮዲኑ እንዳቃጠላት፣ መርፌውን ግን መቼ እንደገባ እንዳላወቀችው ጻፍኩ። የበሩ መቃን ትንሽ ቀና ብሏል ትላለች። የሚቀጥለውን ቀጠሮ የወንድሜ ሚስት ትወስዳታለች፤ የዓመቱን ተራ ግድግዳ ላይ ለጥፈናል። ስኳሯንም ከዓይኑ ጋር አብረን እየተከታተልን ነው።

ቁጥር 33 ከሐሙሲት አካባቢ ነው፤ አባቱ በቅርቡ ስትሮክ መትቷቸዋል፣ አሁን ደግሞ ይህ መርፌ ታዘዘላቸው፤ ቀጠሮው ሰኞ ነው፣ ይሂዱ ወይስ ይቅሩ ሲል ጠየቀ። ነርሷ በቁጥር 34 እንዲሄዱ፣ ነገር ግን መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ስትሮኩንና የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ እንዲናገሩ፣ መጠበቅ ወይም ሌላ ሕክምና መምረጥ የሚወስነው እሱ እንደሆነ መለሰችለት። ካርዳቸውንም ይዘው እንዲሄዱ።